በጉምና በዝናብ የሚጽፍ እስክሪብቶ (ለሐረጎ መስመር ሥራ)

ጠያቂ
ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራው ከሐረጎ ወደ ደሴ በሚያስገባው ዳገት ላይ ቅየሳ ነው። የከፍታ ንባብ ደብተር ላይ ይያዛል፣ ችካል ላይ ቁጥር ይጻፋል፣ አሸዋና ጠጠር የጫነ መኪና ሲመጣ ደረሰኝ በካርቦን ይፈረማል። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ ነው። እስክሪብቶው ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ የጻፈው ይታጠባል። ለሦስቱም የሚሆን አንድ እስክሪብቶ አለ?

ቀያሽ
ለሦስቱም አንድ አታገኝም። እምቢ ማለትና መታጠብም የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የሚታጠበው ብዙ ጊዜ ጄል ነው። ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ ጠብታ ሲያርፍበት ይፈሳል። ፒግመንት (በውሃ የማይሟሟ የቀለም ዱቄት) ያለው ጄል ግን ከደረቀ በኋላ አይለቅም። ከመግዛትህ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ይድረቅ፣ 5 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ንከረው። በመስመሩ ዙሪያ ሰማያዊ ጥላ ከወጣ ተወው።

የተለመደው ባለኳስ እስክሪብቶ ቀለሙ ዘይታማ ስለሆነ አይታጠብም፤ እሱ እምቢ የሚለው ነው። ወረቀቱ ሲረጥብ ኳሷ መሽከርከሯን ትታ ትንሸራተታለች፤ የራሰው ወረቀት ቃጫም ጫፏ ላይ ይሰካል። እንዲህ ሲሆን ደረቅ ወረቀት ላይ እያሽከረከርክ ጻፍበት። በክብሪት አታሙቀው፤ ቱቦው ይለሰልስና ቀለሙ በኋላ በኩል ይወጣል።

የቦርከና ልጅ
በዝናብ በቀለም መጻፍ ግድ ከሆነ ግፊት ያለው እስክሪብቶ ፈልግ። ፊሸር ስፔስ ፔን ውስጡ የታመቀ ናይትሮጅን አለ፤ በ1968 ከአፖሎ 7 ጋር ወደ ህዋ የሄደው እሱ ነው። ዩኒ ፓወር ታንክ ደግሞ በታመቀ አየር ይገፋል። ሁለቱም እርጥብ ወረቀት ላይና ወደ ላይ ቀና አድርገህም ይጽፋሉ። የተለመደው ቱቦ ኋላው ክፍት ነው፤ የእነዚህ ድፍን ነው። ስትገዛ ፈተህ እይ፣ ከውጭ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ውስጡ ተራ የሆነ ሞልቷል።

ቀለሙ ፈሳሽ የሆነ እስክሪብቶ ይዘህ ከኮምቦልቻ ደሴ አትውጣ። ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ስትወጣ የአየር ግፊቱ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ቀለሙን ኪስህ ላይ ይገፋዋል። የግድ ከሆነ ጫፉን ወደ ላይ አድርገህ ያዘው።

ቀያሽ
ለንባብ ደብተሩ እርሳስ ይሻልሃል፣ በዚህ አልደራደርም። ግራፋይት በውሃ አይሟሟም፣ ብርድም አያወፍረውም። ለረጠበ ተራ ወረቀት ኤችቢ ያዝ፤ 2ኤች ጠንካራ ስለሆነ ይቀደዋል። ውሃ የማያስገባ ወረቀት ካለህ ግን 2ኤች ይሻላል፣ ለስላሳው እዚያ ላይ ሲነካ ይደበዝዛል። ተገፊ እርሳስ (ኋላው ሲጫኑት ፍሬው የሚወጣ) ከወደድክ 0.9 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ 0.5 ቶሎ ይሰበራል። ስትሳሳት በላጲስ አታጥፋ፤ በአንድ መስመር ሰርዘህ አጠገቡ ጻፍ።

ችካል ላይ ተራ ማርከር እርጥብ እንጨት አይዝም። የሰም ቀለም (ክራዮን) ተጠቀም፤ ወይም ችካሉን ዋዜማውን ቤት ውስጥ በቀለም ቁጥር ሰጥተህ አድርቀህ ውጣ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ደረሰኙስ? ሾፌሩ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የሚፈርመው።

ስቶር ኪፐር
አብሽር፣ እሱ ቀላል ነው። ደረሰኝ በእርሳስ አይፈረምም፤ ካርቦኑም ጫና ስለሚፈልግ ጄል አይሆንም። ባለኳስ 1.0 ሚሊ ሜትር ያዝና ወረቀቱን ከዝናብ ጠብቅ። ሰሌዳውን ከነደረሰኙ ሰፊ፣ ውስጡ የሚታይ ፌስታል ውስጥ ክተት፤ ፈራሚው እጁን በፌስታሉ አፍ አስገብቶ ይፈርም። ከመዳፉ ሥር ትርፍ ወረቀት አንጥፍለት፤ የእጅ ቅባትና ላብ ያረፈበት ቦታ ላይም ኳሷ ትንሸራተታለች።

ላይኛው ቅጠል ቢበላሽ እንኳ የካርቦኑ ቅጂ ሰም ስላለው ውሃ ይችላል፣ እሱን አትጣል። የረጠበ ጥራዝ ዘግተህ አታሳድር፤ በየቅጠሉ መካከል ጋዜጣ አስገባና ጠዋት ቀይርለት።