የትራፊክ ምልክት ምሰሶ ከብረት ወይስ ከኮንክሪት?

ሐሳብ አቅራቢ፦ በአገር አቋራጭ መንገዶቻችን ዳር የሚተከሉ የብረት ምሰሶዎች በሌሊት እየተቆረጡ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች እንደሚሸጡ የምናውቀው ነው። ምሰሶው ሲሄድ ሰሌዳው አብሮ ይሄዳል፤ መንገዱን የማያውቅ ሹፌርም ያለ ማስጠንቀቂያ ከኩርባው ይደርሳል። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚተከሉት ሁሉ በፌሮ የተሠሩ የኮንክሪት ምሰሶዎች ይሁኑ እላለሁ፤ ሌባ አይመኛቸውም፣ ቀለምም አይጠይቁም። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን አቅርቡ።

ሹፌር፦ ስለ ስርቆቱ ምስክር ነኝ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወርደው ባለ አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ የማውቀው ምልክት ከቆመበት ቦታ ጉልበት የማይደርስ ጉቶ ብቻ አገኘሁ፤ በመጋዝ የተቆረጠበት አፉ ገና አልዛገም ነበር። ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው ማርሹን ቀድሞ መቀነስ አለበት፤ ቀድሞ የሚነግረው ደግሞ ያ ሰሌዳ ነበር።

የመንገድ መሐንዲስ፦ ችግሩን በትክክል ገልጻችሁታል፤ መፍትሔውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ምልክት የሚቆመው መኪና መንገድ ሲስት በሚገባበት ዳር ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ40 ከሚሄደው 4 እጥፍ ጉልበት ይዟል፤ ያ ጉልበት ከማይበገር ኮንክሪት ጋር ሲጋጭ ዕዳው በተሳፋሪው አካል ላይ ያርፋል። የአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ በዚህ የመንገድ ዳር ወሰን ውስጥ የሚቆም ምሰሶ፣ በመከላከያ ካልተከለለ በስተቀር፣ ሲመታ የሚሰበር ወይም የሚተኛ እንዲሆን የሚያስገድደው ለዚህ ነው። አሠራሩም ከአቅማችን በላይ አይደለም፤ አጭር እግር በኮንክሪት ይቀበራል፣ የላይኛው ምሰሶ በብሎን ይታሰርበታል፣ መኪና ሲመታው መጋጠሚያው ይለቃል። የሚቀረው ጉቶ ከመሬት ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የሚደረገው የመኪናውን ሆድ እንዳይዝ ነው። ወፍራም የእንጨት ምሰሶ እንኳ በዚያው በእግሩ አጠገብ ተበስቶ ይዳከማል። እኛ ባሕር ዛፍ አለን፣ ነገር ግን ከምስጥ የሚጠብቅ መድኃኒት ካልጠጣ ብዙ አይቆይም።

በያጅ፦ ሌባው ብሎን አይፈታም፣ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ብሎኑን መበየድ አይጠቅምም፣ መሐንዲሱ ያሉትን መጋጠሚያም ያበላሻል። ቱቦላሬውን በኮንክሪት መሙላትም ያው ኮንክሪት መትከል ነው። እኔ የምለው፣ ምሰሶው ከእግሩ እስከ ጫፉ በየስንዝሩ የመንገድ ንብረት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይቀጥቀጥበት፤ እንዲህ ያለውን ቁራጭ በሚዛኑ ላይ ያስቀመጠ ነጋዴም ከቆራጩ እኩል ይጠየቅ። ገዢ የሌለው ዕቃ ለምን ይሰረቃል?

የከተማ ነዋሪ፦ በእግረኛ መንገድ ላይ ወፍራም ኮንክሪት ስትተክሉ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ የት ይለፍ? አባቴ ዓይነ ስውር ናቸው፤ በትራቸው ምሰሶውን ታገኘዋለች፣ ዝቅ ብሎ የተሰቀለውን ሰሌዳ ግን ግንባራቸው ነው የሚያገኘው። የሰሌዳው የታችኛው ጠርዝ ቢያንስ 2.1 ሜትር ከፍ ይበል።

ሐሳብ አቅራቢ፦ ፈጣን መንገድን በተመለከተ አሳምናችሁኛል፤ «ሁሉ» ያልኩትን ትቼዋለሁ። በከተማ ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፣ በቀላሉ የሚወድቅ ምሰሶም በአጠገቡ የቆመውን እግረኛ ሊመታ ይችላል። ኩርባውስ? ብዙ ኩርባ ላይ የብረት መከላከያ አለ፤ ከጀርባው ኮንክሪት ብንተክል ማንን ይጎዳል?

የመንገድ መሐንዲስ፦ ከተማውን በተመለከተ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በዚያ የሚመረጠው ሳይለቅ እየታጠፈ ጉልበቱን የሚቀበል ምሰሶ ነው። ከመከላከያው ጀርባ ግን በኮንክሪቱ እስማማለሁ፤ መከላከያው ሲመታ ወደ ኋላ ለሚለጠጥበት ርቀት ባዶ ቦታ ይተውለት እንጂ።