የቀይ ሽብር ልቦለድ በገዳይ ልጅ አንደበት ቢተረክ?

ደራሲዋ፦ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ተራኪዋ በ1970 ዓ.ም. ትንሽ ልጅ ነበረች። አባቷ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነው። ማታ ይወጣል፤ ሊነጋ ሲል ተመልሶ ጓሮ እጁን ይታጠባል። እሷ የምታስታውሰው የሳሙናውን ሽታና የሚያመጣላትን ከረሜላ ነው። እናቷ «አባትሽ ዘብ ከመቆም ሌላ ያደረገው የለም» ትላታለች። አንዳንዴ ታምናታለች፣ አንዳንዴ አታምናትም። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ «ለገዳይ እንድናዝን ታደርጊናለሽ፤ ይቅርብሽ» አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የጉለሌው፦ ልጄ፣ እኔ ከጓደኛሽ ጋር ነኝ። ታላቅ ወንድሜን በዚያው ዓመት ከቤት ወሰዱት። ሬሳውን መንገድ ዳር ጥለው ደረቱ ላይ ጽሑፍ ለጥፈውበት ነበር። እናቴ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታነባ አይቻለሁ። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦችም ነበሩ። ዛሬ አንዲት ተራኪ ተነስታ «ትዝታ ያታልላል» ካለች የሚጠረጠረው የኔም ትዝታ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከዴንቨር፦ ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከፍተኛ 15 በሚባለው የቀይ ሽብር እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው በሌላ ሰው ስም አሜሪካ ገብቶ፣ ዜግነት አግኝቶ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የቀድሞ እስረኛ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ውስጥ ካፌ ጋ አየው። ከ30 ዓመት በኋላ ለየው! ሌሎች እስረኞችም ቀርበው መሰከሩበት። በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ክሱ ግን በሐሰት ዜግነት ማግኘት እንጂ ማሰቃየት አልነበረም። እና ጋሼ፣ የተወጋ አይረሳም ያሉት እውነት ነው።

ግን ስሙን ከየት አመጣው? አባታቸው የመርሳት ችግር ከያዛቸው ቤተሰብ ነው። አሜሪካ የነበሩት ልጆች ታናናሾቻቸውን ለማምጣት ሲሉ እሱን አባታችን ነው አሉ። ያንን ሰው «አባባ» ብሎ መጥራት ምን ይመስል ይሆን? ይሄን የሚጠይቅልን ልቦለድ ብቻ ይመስለኛል። ስለዚህ ጻፊው እላለሁ።

የሕግ ሰው፦ እኔም ይጻፍ ባይ ነኝ፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ልጅቷ ትወላውል፣ ድርጊቱ ግን አይወላውል። የደርግ ባለሥልጣናትን የሚከስ ልዩ ዓቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ሲቋቋም ያገኘው ምስክር ብቻ አልነበረም። ደርግ የግድያ ትእዛዙን በጽሑፍ አስቀምጦ ነበር፣ ከነፊርማው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሲባል እንዲህ ያለው ወረቀትም ዳኞቹ ፊት ነበር። ስለዚህ አንድ ቃለ ጉባኤ መጽሐፉ ውስጥ ይግባ። የአባትየው ፊርማ ይታይ። አንባቢው አይቶት ልጅቷ እንዳላየች ብታልፈው፣ የሚጠረጠረው የእሷ ትዝታ እንጂ የጋሼ አይሆንም።

የጉለሌው፦ ፊርማው ከገባ አነበዋለሁ። የሟቹ እናትስ የት አለች? በልጅቷ መስኮት በኩል የምትታይ ጥላ እንድትሆን አልፈልግም።

ደራሲዋ፦ ጋሼ፣ ጎረቤቷ እናት የራሷ ምዕራፍ ይኖራታል። ተራኪዋ አትገባበትም። ቃለ ጉባኤውንም አስገባለሁ። የልጅቷን ፍቅር ግን አልቀንስም። አባቷን ትወደዋለች፤ ያ ከቀረ የዝምታዋ ምክንያት አይገባንም።

የጉለሌው፦ ትውደደው፣ አልከለክልሽም። ያንን ምዕራፍ ስትጨርሺ ግን ላኪልኝ። ካልተዋጠልኝ እዚሁ ሁሉም ባለበት እናገራለሁ።