ሻኪራ ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር ግጥሟን ተረጎመች ወይስ እንደ አዲስ ጻፈች?

ጥያቄ፦ የጂሬን ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጅማ በአፋን ኦሮሞ ግጥምና ዜማ እየሠራሁ በሠርግና በበዓል ዝግጅቶች ላይ የምዘፍን ሰው ነኝ። አሁን የአማርኛ አልበም ለመሥራት ተነስቻለሁ። ለሙከራ ያህል ሕዝብ የሚወድልኝን አንድ የኦሮምኛ ዘፈን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሼ ባለፈው ጥር በአንድ ሠርግ ላይ ዘፈንኩት፤ በኦሮምኛው ከእኔ ቀድሞ ይቀበለኝ የነበረው ታዳሚ ግን ወደየጨዋታው ተመለሰ። ዜማውም ቅንብሩም ያው ነበርና ነገሩ በጣም አሳዘነኝ። ሻኪራ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር ምን እንዳደረገች በቅርበት የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳኝ እወዳለሁ። የቀድሞ ዘፈኖቿን ተረጎመች ወይስ ሁሉንም ትታ እንደ አዲስ ጀመረች?

መልስ፦ ከፈረንጅ አራዳ

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አድርጋለች፤ የተሳካላት ግን በሁለተኛው ነው።

እኛ አገር ብዙ ሰው ሻኪራን የሚያውቃት እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ዘፈን ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን ይህች በኮሎምቢያ የባራንኪያ ከተማ ልጅ በላቲን አሜሪካ ስመ ጥር፣ በእንግሊዝኛው ገበያ ግን እንግዳ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የስፓኒሽ አልበሟ ከፍተኛ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ራሷ በሁለት ቋንቋ የዘፈነችው ግሎሪያ እስቴፋን በእንግሊዝኛ እንድትሠራ አበረታታቻት። መጀመሪያ የታሰበው ያሉትን ዘፈኖች መተርጎም ነበር። ሻኪራ ግን የራሷን ስሜት በራሷ ቃል ለመጻፍ ወሰነች፤ መምህር ቀጥራ፣ ቤት የሚመቱ ቃላት መዝገብ ገዝታ፣ የዋልት ዊትማንንና የሌናርድ ኮኸንን ግጥሞች እያነበበች ቋንቋውን ከውስጡ አጠናችው። በዚህ መልክ የተሠራው «ላውንድሪ ሰርቪስ» እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 ወጥቶ በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ በ3ኛ ደረጃ ጀመረ፤ በዓለም ዙሪያም ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

ለእርስዎ ጥያቄ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን በአልበሙ መሪ ዘፈን ላይ ይመስለኛል። በአንድ ዜማ ላይ ሁለት ግጥም ተጽፏል፦ የስፓኒሹ ርዕስ «ዕድል» ማለት ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው «በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ስፍራ» የሚል ነው። አንዱ ግጥም የሌላው ባሪያ አልሆነም። ድምፁን ደግሞ አልለወጠችም፤ የአንዲስ ተራሮች ዋሽንትና ቻራንጎ የተባለው ትንሽ የክር መሣሪያ ከነጠረናቸው ገብተዋል፣ በሌላው ዘፈን ታንጎ ይሰማል፣ ሁለት ዘፈኖች እስከነጭራሹ በስፓኒሽ ቀርተዋል። አንዳንድ ሐያስያን እንግሊዝኛዋን እንግዳ ነው ብለው ነቅፈውታል፤ በተለይ ደረቷን ከተራራ ጋር ያነጻጸረችበት ስንኝ ብዙ አነጋግሯል። እኔ ግን ያ ስንኝ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪ ሊመጣ የማይችል በመሆኑ ነው በሰው ልብ የቀረው እላለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ከቋንቋው አካል የሚነሳውን ችግር ነው፤ የሠርጉ ታዳሚ ዝም ያለበት ምክንያት እዚያ ያለ ይመስለኛልና።

የስፓኒሽ ቃላት አብዛኞቹ በአናባቢ ያልቃሉ፤ ስለዚህ ዘፋኙ በስንኙ መጨረሻ ድምፁን እንደልቡ ይዘረጋል። የእንግሊዝኛ ቃል ግን ብዙ ጊዜ በተነባቢ ይዘጋል። የእኛም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። የአፋን ኦሮሞ ቃል በአብዛኛው በአናባቢ ስለሚያልቅ ዜማህ የተሠራው ለተከፈተ አፍ ነው፤ አማርኛው ግን «ልብ»፣ «ዓይን»፣ «ቤት» እያለ በሳድስ ይዘጋብሃል። ረጅሙን ማረፊያ ምን ላይ ትዘረጋዋለህ? በአፋን ኦሮሞ ደግሞ የአናባቢው ርዝመት ትርጉም ይለያል፤ «ለፈ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ግጥሙና ዜማው ተመካክረው ነው የሚሄዱት። በአማርኛ ይህን ሥራ የሚሠራው ጥብቀትና ላልነት ነው። «ገና» ላልቶ ሲነገር ሌላ፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው። የሚጠብቀውን ፊደል ዜማው ካላላው ሰሚው ቃሉን ያጣዋል፤ ቃሉን ያጣ ሰው ደግሞ ይተውሃል። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ ያማረ ትርጉም ሲዘፈን ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ግጥሙን ከመጻፍህ በፊት ዜማውን ያለ ቃል እያንጎራጎርክ የት እንደሚረዝም ለይተህ ምልክት አድርግ።

መልስ፦ ከሄርማታ

በአንድ ነገር አልስማማም። የሻኪራን ስኬት ለግጥሟ ብቻ መስጠት አይገባም፤ በሩ አስቀድሞ ተከፍቶላታል። የፖርቶ ሪኮው ዘፋኝ ሪኪ ማርቲን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በግራሚ ሽልማት መድረክ ላይ ከዘፈነ በኋላ በግንቦት የወጣው የእንግሊዝኛ አልበሙ በ1ኛ ደረጃ ነው የጀመረው፤ ከአልበሙ ሕዝብ በአፉ የያዘው የ«ሊቪን ላ ቪዳ ሎካ» አዝማች ደግሞ ግማሹ ስፓኒሽ ነው። የሜክሲኮ ዝርያ ያላትን አሜሪካዊት ዘፋኝ ሴሌናን ብንወስድ በቴክሳስ በእንግሊዝኛ ያደገች ልጅ ነበረች፤ ስፓኒሽን የተማረችው ለመዝፈን ስትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሞተች በኋላ የወጣው አልበሟ በሁለቱም ቋንቋ ሆኖ ሰንጠረዡን ከላይ ጀምሯል። በጅማ ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቋንቋ ይናገራሉ፤ ታዲያ አዝማቹን በኦሮምኛ ትተው ስንኙን ብቻ በአማርኛ ለምን አይጽፉትም? ዓሊ ቢራም በአንድ ቋንቋ አልተወሰነም፤ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛ ዘፍኗል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ትናንት ማታ እንዳሉኝ ዜማውን ያለ ቃል አንጎራጎርኩት፤ በአራቱም ማረፊያዎች ላይ የተረጎምኳቸው ቃላት በሳድስ የሚዘጉ ሆነው አገኘኋቸው። የአማርኛውን ግጥም በሙሉ ቀድጄዋለሁ። አዝማቹ በኦሮምኛ ይቀራል፤ ስንኞቹን ግን ያንን ዘፈን ጨርሶ ሰምቶ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ዛሬ መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ የመጀመሪያው ስንኝ «ና» በሚለው ቃል ያልቃል።