የአባቴን የሕይወት ታሪክ ለአርባው እንዴት ልጻፈው?

የቢቸናው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ ካረፈ ዛሬ 26 ቀኑ ነው። 76 ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሌሊቱን በስልክ መብራት፣ ከልጄ ደብተር በቀደድኩት ወረቀት ጻፍኩት። «በቢቸና አካባቢ ተወለዱ፤ ከቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደገሙ፤ በ1969 የእናት አገር ጥሪን ተቀብለው ዘመቱ፤ የሰባት ልጆች አባት ነበሩ።» ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሰው አለቀሰ፤ እኔ ግን አፈርኩ። ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ ሽማግሌ ብታነቡት ማንም አይነቃም።

ለአርባው ደህና አድርጌ ልጽፈው ተነሳሁ። የሶማሊያው ጦርነት ላይ ስደርስ ግን እጄ ታሰረ።

አባቴ ስለ ዘመቻው ብዙ አያወራም። ከገበሬ ማኅበሩ ተመርጦ ሚሊሺያ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ያኔ የስምንት ወር ሕፃን ነበር። አባይን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገረው ያን ጊዜ፣ ጭነት መኪና ላይ ቆሞ ነው። (ከዓመታት በኋላ ለሕክምና አዲስ አበባ ስወስደው፣ ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ ድልድይ ላይ ስንደርስ «የኔው የቱ ነው?» አለኝ። አሮጌውን በመስኮት አሳየሁት። ዝም ብሎ ሲያየው አለፍን።) ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ሐረርጌ ወረደ። እዚያ የተሰጠው ሥራ ውሃ ማመላለስ ነበር። «እኔ ጀሪካን ታጥቄ ነው የዘመትኩት» ይል ነበር፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

አንድ ሌሊት ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ወድቆ ግራ ጆሮው ደነቆረ። ጀሪካኑም ተበሳ። ይህን ሲያወራ የሚቆጨው ጆሮው አልነበረም። «ሃያ ሊትር ሙሉ አፈር ጠጣው» ነበር የሚለው። እኛ ልጆቹ ማታ ማታ በቀኙ በኩል ለመቀመጥ ስንጋፋ ነው ያደግነው። በግራው የተቀመጠ ቢጮህም ሰሚ የለው።

አሁን አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ማለት ነው፣ ይኸን ስነግረው ደሙ ፈላ። «ካራማራ ላይ መትረየስ ማረከ ብለህ ጻፍ። ውሃ ቀጂ ነበር ብለህ በአገሬው ፊት ልታዋርደው ነው?» አለኝ። የኛን አገር ታውቃላችሁ፣ ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው። አባቴ መትረየስ ማረክሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ምን ላድርግ?

ድንኳን ሰባሪ፦

ነፍስ ይማር ወንድሜ። እኔ ብሆን የአጎትህን እጽፋለሁ። ሟች መጥቶ አያርመን። አጎትህ ግን አርባውን ጥሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ለሰባት ዓመት ኩርፊያ ነው።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ። እኔ መደበኛ ጦር ውስጥ ነበርኩ፣ ያንንም ግንባር አውቀዋለሁ።

ጅጅጋ መስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር ተይዛ፣ የካቲት 26 ነው የተመለሰችው። ሰው የድሉን፣ የካራማራን ቀን ብቻ ያስታውሳል። በመሃል ያሉትን ወራት የሚጠይቅ የለም። ጦሩ ወደ ሐረር አፈግፍጎ ተራራ ለተራራ ይዞ ተቀምጧል። አንድ ኮዳ ውሃ ይሰጥሃል፣ እስከ መቼ እንደሆነ አይነገርህም። ኮቾሮ ታውቃለህ? የወታደር ደረቅ ዳቦ ነው፣ ጥርስ ይሰብራል። ያለ ውሃ ከጉሮሮ አይወርድም። የጥይት ሣጥን ሲመጣ አንገቱን የማያቀና፣ ጀሪካን ሲንኳኳ ከእንቅልፉ ይባንን ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለአጎትህ ንገርልኝ። እኔ ጠላት ሲተኩስብኝ መልሼ እተኩሳለሁ። በሌሊት ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ገላጣ ሜዳ የሚያቋርጥ ሰው ምን ያደርጋል? ሁለቱም እጁ ተይዟል። መተኛትም አይችልም፣ ውሃው ይፈስሳል። እኔ አልሞክረውም ነበር።

የቆሎ ተማሪ፦

የሰው ሐሳብ በዛ፣ እኔ ስለ ሰዓቱ ልንገርህ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ረጅም ጽሑፍ አታንብብ፣ ካህናቱ ይቆጡሃል። ዳሱ ውስጥ ይሁን። ምግቡ ተነስቶ፣ ጠላው ከሁለተኛው ዙር ሳያልፍ። ሦስተኛው ላይ ከደረስህ ማንም አይሰማህም፣ ቀረርቶ ይጀመራል።

እታለም ከሞጣ፦

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልህ። እስካሁን የጠየቅኸው ወንዶቹን ብቻ ነው። እናትህ አሉ? ስምንት ወር ሕፃን ታቅፈው ቀርተው ያን እርሻ ማን አረሰላቸው? አባትህ ሲመለሱስ እንዴት ያለ ሰው ሆነው መጡ? እኔ የአባቴን ጠባይ የሰማሁት ከሞተ በኋላ ከእናቴ ነው። ያውም ቡና ስትቆላ፣ ሳልጠይቃት።

የቢቸናው፦

ጡረተኛው አባቴ፣ ያሉትን ለአጎቴ አንድ በአንድ አነበብሁለት። እታለም፣ አንቺ ደግሞ እጅሽ ይባረክ። ትናንት ማታ እናቴን ጠየቅኋት።

እርሻውን ያረሱት በደቦ የአባቷ ወንድሞች ናቸው። አባቴ የተመለሰው በ1971 ጥቅምት ላይ፣ ጤፉ ሊታጨድ ሲል ነው። በመጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ ከኋላዋ ደረሰባት። ምንም አልተናገረም። መታዘያውን ከደረቷ ላይ ፈታና እንስራውን ተቀበላት። «እብድ መስሎኝ ጮህኩ» አለችኝ። ማዘል አያውቅበትም፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ጎረቤቱ «ዘምቶ ሴት ሆኖ መጣ» እያለ ሳቀበት። ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እሱ ምኑም አልመሰለው፤ ደግሞ የሚስቁት በግራው በኩል ከሆነ አይሰማም። ቦኖ መንደራችን እስኪገባ ድረስ ውሃው የሱ ሥራ ነበር። በኋላ አህያ ገዛ።

እኔ አህያውን አስታውሳለሁ። ሁለት ጀሪካን በግራ፣ ሁለት በቀኝ። መንገድ ላይ እየቆመ ክዳኖቹን በአውራ ጣቱ ይሞክራቸዋል። ቤት እስኪደርስ አራት አምስት ጊዜ። እኔ እኮ ሽማግሌ ስለሆነ ነው የሚዘገየው እል ነበር።

ይኸን ሁሉ ጻፍኩት፣ አራት ገጽ ሆነ። ዛሬ ከሰዓት ለአጎቴ አነበብሁለት። ጎንበስ ብሎ በከዘራው መሬቱን ሲቆፍር ቆየና፣ «የእንስራውን እኔም አይቻለሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፦ «እሺ፣ መትረየሱ ይቅር። ጀሪካኑን ግን የብረት ነበር በልበት። ላስቲክ እንዳይመስላቸው።»