ሮም ላይ አንድ ቀን ብቻ አለን፤ እናቴንና ሁለት ልጆች ይዤ እንዴት ላሳልፈው?

የአራት ኪሎዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። በሚያዝያ ቦሎኛ ያለችውን እህቴን ልንጠይቅ ነው። ቪዛው ወጣልን፣ ተመስገን። አውሮፕላኑ ሮም የሚያርፈው በማለዳ ነው። ወደ ቦሎኛ የምንሄድበት ባቡር ትኬቱ ላይ 18:05 ይላል፤ በኛ ማታ 12 ሰዓት ከ5 መሆኑ ነው። እስከዚያ ሙሉ ቀን አለን።

እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ወንድ ልጄ፣ የ7 ዓመት ሴት ልጄና እናቴ ነን። እናቴ 69 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ልጆቹ ባቡር የሚያውቁት ከስታዲየም ወደ አያት የሚሄደውን ቀላል ባቡር ብቻ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ፕሮግራም ሁሉ በአንድ ቀን አሥራ አምስት ቦታ ያስሮጣል። እናቴን ይዤ እንደዚያ አልሆንም። ግን ደግሞ ለአገሩ ሰው የሚያወራው ነገር ይዛ እንድትመለስ እፈልጋለሁ። ሻንጣውን የት እናድርገው? ከኤርፖርት በባቡር ይሻላል በታክሲ? ከልጅና ከአዛውንት ጋር የሄደ ሰው ካለ ይንገረኝ።

የለገሃር ልጅ

እህቴ፣ እኛም ባለፈው ዓመት እንዳንቺው አንድ ቀን ብቻ ነበረን። ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆችና አባቴን ይዤ ነው የሄድኩት። አባባ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን ጣቢያ በቃላቸው ይጠሩታል። ታክሲ ስላቸው ሊሰሙኝም አልፈለጉ።

ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለውን ባቡር ያዙ። መሀል ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ፣ ማለትም የሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ያደርሳችኋል። እኛ ለአዋቂ 14 ዩሮ ከፍለናል። ከ12 ዓመት በታች ያለ አንድ ልጅ ከአንድ ከፋይ አዋቂ ጋር በነጻ ይሳፈራል፤ ስለዚህ የናንተ ልጆች ሁለቱም አይከፍሉም። ረከስ ያለ ባቡርም አለ፤ እሱ ግን ተርሚኒ አይገባም። ጓዝ ይዛችሁ ባትሞክሩት ይሻላል። አባባ መንገዱን ሙሉ የሚያዩት ጎን ለጎን ያለውን ሐዲድ ነበር። የኛው የድሮው አንድ ሜትር ስፋት ነበረው፣ የነሱ አንድ ሜትር ከ43 ነው ብለው ለልጆቹ በእጃቸው እየለኩ አሳዩ።

ተርሚኒ ውስጥ የሻንጣ ማስቀመጫ አለ። እጃችሁን ባዶ አድርጋችሁ ውጡ።

አሁን እናትሽ የምታወራው ነገር ይመጣል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከዚያ ጥቂት ራመድ ብሎ አንዲት ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ቆሟል። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳችን በወረራው ጊዜ ተዘርፎ የተቀመጠው እዚያ ሐውልት ሥር ነው። ዘርዓይ ድረስ ሰይፉን የመዘዘው እዚያ እንደሆነ ነው የተማርነው።

አባባ በየጠዋቱ በአንበሳው አጠገብ እያለፉ ነው ሥራ የገቡት። "እዚህ ጋ ነበር?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ልጆቹም ዝም አሉ። መናፈሻዋ የተለየ ነገር የላትም፤ ሰው ሳያያት ነው የሚያልፋት። እኛ ግን ብዙ ቆየን።

ከዚያ ሜትሮ። ሰማያዊውን መስመር ቢ፣ ላውሬንቲና በሚለው አቅጣጫ ያዙ። ቲኬቱ 1 ዩሮ ከ50 ነበር። ከ10 ዓመት በታች በነጻ ስለሆነ ለትልቁ ልጅሽ ብቻ ትከፍያለሽ። እዚህ ላይ የደረሰብንን ልንገርሽ። አባባና ትንሿ ልጄ ቀድመው ገቡ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኛ ውጭ ቀረን። አባባ ስልክ አልያዙም። ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። በሚቀጥለው ባቡር ተከተልን። ቀጣዩ ጣቢያ ካቩር ይባላል፤ እዚያ ስንወርድ መሳፈሪያው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠዋል። "ባቡር የለያየው ሰው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዶ ካለበት አይነቃነቅም" አሉን። ለመንገደኛ ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት የኖሩት ነው። ይቺን ነገር ለልጆችሽም ለእናትሽም ከቤት ሳትወጡ ንገሪያቸው።

ከተርሚኒ ሦስተኛው ጣቢያ ቺርኮ ማሲሞ ነው። ስትወጡ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትን (ፋኦን) ትልቅ ሕንጻ ታያላችሁ። የአክሱም ሐውልት የቆመው እሱ ፊት ለፊት ነበር። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ድንጋይ! በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን አገሩ ገባ። አሁን እዚያ አካባቢ ሁለት አምዶች ናቸው የቆሙት።

ከዚያ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ በሚባለው መንገድ ቀጥ በሉ። ዳገት የለውም፣ ጥላ አለው፤ በእናትሽ እርምጃም ሩቅ አይደለም። ጫፉ ላይ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ፣ ኮሎሲየም አጠገቡ ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የጨረሰው እዚያ ቅስት ሥር ነው። ሞሮኮአዊውን ራዲን ጥሎ የወጣው የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርሱ ነበር። ቀኑ ጳጉሜን 5፣ 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ይህን ስነግረው ወንዱ ልጄ ከአምዶቹ እስከ ቅስቱ ሮጠ። ስለ ሮም ዛሬም የሚያወራው ይህንኑ ነው።

ኮሎሲየም ውስጥ አልገባንም፤ ከውጭ አይተን አረፍን። መግባት ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ያዙ። ከ18 ዓመት በታች በነጻ ነው፣ ግን ለልጆቹም ማስያዝ አለባችሁ። ለጉልበት ሕመምተኛ ደረጃው ይከብዳል። 10 ሰዓት ላይ ተርሚኒ ተመለሱ።

ሮም የነበርኩ

የለገሃር ልጅ፣ አባትህን ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። እናትሽ ቤተ ክርስቲያን የምትወድ ከሆነች ከሰዓት በሜትሮ መስመር ኤ ኦታቪያኖ ወርዳችሁ የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ ማየት ትችላላችሁ። መግቢያ አይከፈልም፣ ሰልፉ ግን ይረዝማል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላዋን ትያዝ። ከባዚሊካው ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች። የኢትዮጵያ መነኮሳት የኖሩባት ናት። አባ ተስፋ ጽዮን በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ሲያሳትሙ ቤታቸው እሷ ነበረች። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነች ዝም ብሎ አይገባም፤ ግን እናትሽ መኖሯን ትወቅ።

ጊዜ ካጠረ ይህን ተዉትና የለገሃር ልጅ ያለውን አድርጉ።

ቡና ወዳጅ

ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ ሌት ተቀን የሚፈሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ውሃቸው ይጠጣል። ባዶ ጠርሙስ ብቻ ያዙ። ማኪያቶ ካዘዛችሁ ደግሞ የሚመጣው የኛው ዓይነት አይደለም፤ በትንሽ ስኒ ወተት ጠብ ያለበት ቡና ነው። ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል። ቦርሳችሁን ሜትሮ ውስጥ ከፊታችሁ አድርጉ።

የአራት ኪሎዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። የአባባ ጋ ስደርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ትናንት ልጆቹን ለገሃር ወስጄ አንበሳውን አሳየኋቸው። ትልቁ ቅስቱ ድረስ ባዶ እግሬን ካልሮጥኩ እያለ ነው። በሚያዝያ መሬቱ ይቀዘቅዛል?

የለገሃር ልጅ

አይቀዘቅዝም። ጠዋት ፀሐዩ ወጣ ሲል ይሩጥ። ጫማውን አንቺ ያዢለት።