ለኮንዶሚኒየም ሳሎን በ500 ዶላር የትኛው ቋሚ እስፒከር ይሻላል?

የጎተራዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ለፋሲካ ሲመጣ እስፒከር ይዞልኝ ሊመጣ ቃል ገብቷል። ለእስፒከሮቹ ብቻ 500 ዶላር መድበናል፤ ትንሽ ቢያልፍም አይከፋውም። እኔ የምፈልገው ወለል ላይ የሚቆሙትን ረጃጅሞቹን ነው።

ሳሎናችን አራት ሜትር ተኩል በሦስት ተኩል ቢሆን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነን። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ። ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ከስልክ ነው። የአባቴ የድሮ ሸክላዎችም አሉ፤ እነሱን የማጫውትበት ቀን እየናፈቀኝ ነው።

ወንድሜ እዚያ የገዛውን አሮጌ አምፕሊፋየሩንም እሰጥሻለሁ ብሏል፣ ሸክላ ማጫወቻም ይፈልግልኛል። እና ጥያቄዬ፦ የትኛውን እስፒከር ልዘዝ? አምፑ እዚህ ይሠራል ወይ? ይሄ ሁሉ በሻንጣ ይገባል? ደግሞ ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ አለኝ፤ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ነው የሚንጠላጠለው።

መርካቶም ሄጄ አይቻለሁ። አንዱ ባለሱቅ "ይሄ 12,000 ዋት ነው፣ ከአሜሪካ ምን አስመጣሽ?" አለኝ። እውነት ይሆን?

ሽቦ ፈቺ

እህቴ፣ ከ12,000ው ልጀምር። የቤትሽ ሶኬት 16 አምፔር ቢሆን እንኳ በ220 ቮልት ሲባዛ 3,520 ዋት ነው። ታዲያ 12,000ው ከየት መጣ? ካርቶኑን ብታገላብጪው ፒኤምፒኦ የሚል ታገኛለሽ። ለሽያጭ የተፈጠረ ቁጥር ነው። የሚታመነው አርኤምኤስ የሚለው ነው፤ ሳይቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት ማለት ነው። ለአንቺ ሳሎን በእያንዳንዱ በኩል 40 ወይም 50 እውነተኛ ዋት ይተርፋል።

ከዋት ይልቅ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን እዪ። በዴሲቤል ይጻፋል። አንድ ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚጮኽ ነው የሚነግርሽ። 85 ከሆነ ጉልበት ያለው አምፕ ይፈልጋል። 88 ጥሩ ነው። ከ90 በላይ የሆነው በትንሽ አምፕም ይጮኻል። ዋቱን እጥፍ ብታደርጊ የምትጨምሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስልሽ ዋቱ ዐሥር እጥፍ መሆን አለበት። ለዚህ ነው ባለ 50 እና ባለ 100 ዋት አምፕ ብዙም የማይለያዩት።

አሁን ወደ አምፑ። እስፒከሩ ራሱ መብራት ላይ ስለማይሰካ ከየትም አገር ቢመጣ ችግር የለበትም። አምፑ ግን የአሜሪካ ከሆነ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የኛ 220 ነው። እንዳለ ብትሰኪው ፊውዙ ብቻ ተቃጥሎ ከተረፈሽ ዕድለኛ ነሽ። ወንድምሽ ጀርባውን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። የቮልቴጅ መቀየሪያ ካለው፣ ወይም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ጨርሰሻል። 120 ብቻ ከሆነ ስቴፕዳውን ትራንስፎርመር፣ ማለትም 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ፣ ያስፈልግሻል። እሱን እዚሁ ግዢ፤ ብረት ስለሆነ ኪሎ ይበላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ እዚሁ ዲሲ አካባቢ ነኝ፤ ስለ ዋጋው ልናገር። መጀመሪያ አንድ ወጥመድ አለ። እዚህ ቋሚ እስፒከር በአብዛኛው የሚሸጠው በነጠላ ነው። ድረ ገጹ ላይ የምታዪው ዋጋ የአንዱ ይሁን የጥንዱ ሳታረጋግጪ አትደሰቺ።

በ500 ዶላር ጥንድ ለማግኘት እኔ የማየው ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ3ን ነው። 88 ዴሲቤል፣ 6 ኦም (ኦም እስፒከሩ ለአምፑ ጉልበት የሚያሳየው መቋቋም ነው)። ሁለት ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው)፣ አንድ ትዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው)፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ ትንሽ ትዊተር አለው። ቅናሽ ሲኖር ከተመደበላችሁ በታች ይወርዳል። ሁለተኛው ፖልክ ቲ50 ነው፤ ካልተገኘ ሞኒተር ኤክስቲ60። እነዚህ ፊታቸው ላይ ሦስት ቤዝ ያላቸው ይመስላሉ። የሚሠራው ግን አንዱ ነው። ሁለቱ ሽቦ የሌላቸው፣ በሳጥኑ ውስጥ ባለው አየር ብቻ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ማታለል አይደለም፣ በኋላ በኩል ያለውን የአየር ቀዳዳ የሚተካ አሠራር ነው። ግድግዳ አጠገብ ለሚያስቀምጥ ሰው እንዲያውም ይመቻል።

ክሊፕሽ አር-620ኤፍ የሚሉሽም ይኖራሉ። ኩባንያው 96 ዴሲቤል ብሎ ይጽፋል፤ መጮኹስ ይጮኻል። ትዊተሩ ግን እንደ ጥሩንባ አፍ በሰፋ ቀንድ ውስጥ ነው ያለው። በሴራሚክና በባዶ ግድግዳ መሀል ጆሮ ይወጋል ብዬ እፈራለሁ።

ሻንጣውን በተመለከተ፦ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ አብዛኛው የኢኮኖሚ ትኬት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቅዳል። ቁመት፣ ወርድና ውፍረት ተደምሮ ደግሞ ከ158 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ሶኒው አንዱ 11.5 ኪሎ ገደማ ነው፤ በኪሎ ችግር የለም። ልኩ 92 በ23 በ26 ስለሆነ ሲደመር 141 ይሆናል። ይሄ ግን ያለ ካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ከፎሙ ጋር ስለሚሰፋ በሜትር ይለካው። ካለፈ ተጨማሪ ያስከፍሉታል። ሁለቱም ሻንጣዎቹ እስፒከር ሆኑ ማለትም ነው፤ ለእናታችሁ የሚመጣው ዕቃ የት ሊገባ ነው?

እኔ ብሆን ትንንሾቹን፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡትን አስመጣና ማቆሚያውን እዚያው እንጨት ቤት አሠራለሁ። ለዚያ ክፍል ይበቃሉ።

ቤዝ ወዳድ

ኧረ ተዉ፣ ትንንሽ እስፒከር ለኮምፒውተር ነው! እህቴ፣ ያ ሁሉ ጣጣ ለምን? ባለ 12 ኢንች ቤዝ ከመርካቶ ግዢ። ሳጥኑን አናጺ ይሥራልሽ። በግማሽ ዋጋ ሰፈሩን ታንቀጠቅጫለሽ።

ታችኛው ፎቅ

ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጠው ሰው ከእኔ በላይ ነው የሚኖረው ልበል? እባካችሁ።

እህቴ፣ ቀጭኑን ድምፅ ግድግዳው ይመልሰዋል። ቤዙ ነው በወለሉ አልፎ ወደኛ የሚወርደው። ከእስፒከሩ ሥር ወፈር ያለ ጎማ አድርጊ። ብዙዎቹ ሹል የብረት እግር አብሯቸው ይመጣል፤ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፣ ይቧጭራልም፤ ተዪው። መሀል ላይ ምንጣፍ አንጥፊ። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ስቀዪ። ይሄ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለአንቺም ነው፤ ባዶ ሳሎን ውስጥ ድምፁ ሲያስተጋባ የዘፋኙ ቃል አይለይም።

ሽቦ ፈቺ

ቤዝ ወዳድ፣ ሳጥን ማሠራት ቀላል ይመስላል። የሳጥኑ ስፋት ከቤዙ ጋር ካልተስማማ ግን ድምፁ ይጎረብጣል። ክሮስኦቨርም ያስፈልጋል፤ ወፍራሙን ለቤዙ፣ ቀጭኑን ለትዊተሩ የሚያካፍለው ማለት ነው። ያለ እሱ ትዊተሩ አይቆይም። ለመጠጥ ቤት ይሁን እሺ፤ ሸክላ ለሚሰማ ሳሎን አይሆንም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ትንንሾቹ ለክፍሉ ይበቃሉ ያልከው ልክ ነው፤ በምርጫው ግን አልስማማም። ማቆሚያ ላይ የቆመ ትንሽ እስፒከር የሚይዘው ቦታ ከቋሚው አያንስም። ከልጅ አንጻርም ከላይ የተቀመጠው ነው ቀድሞ የሚወድቀው። ቋሚውን ከኋላው በቀጭን ቀበቶ ከግድግዳው ጋር ማሰር ይቻላል። ጨርቅ ሽፋኑንም አታውልቂው፤ የትዊተሩ ጉልላት የሕፃን ጣት ይስባል። አንዴ ከተጫነው ተሰረጎደ ማለት ነው።

ባለ ሸክላው

ልጄ፣ የአባትሽን ሸክላ ማሰማት መፈለግሽ ደስ አሰኘኝ። አምሃ ሪከርድስ ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ 1969 ነው። የዚያ ዘመን ሸክላዎች ብዙዎቹ ባለ 45 ዙር ትንንሾቹ ናቸው። እነሱ ላይ ያለው የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ከዚያ በታች የሚወርድ እስፒከር ፍለጋ ገንዘብ አታጥፊ። ዘፋኙና ሳክስፎኑ ያሉት መሀል ላይ ነው። እስፒከር ስትመርጪም መሀሉን ስሚ።

ከእስፒከሩ በላይ የሚያሳስበኝ የሸክላ ማጫወቻው ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያወርዳል እንጂ የኛን መብራት 50 ኸርዝ እንደ አሜሪካው 60 አያደርግም። የድሮ አሜሪካ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው። እዚህ ሲሰካ 45 ዙር የነበረው 37 ተኩል ይሆናል። ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስልሻል። ስለዚህ ወንድምሽ በትንሽ አዳፕተር የሚሠራ፣ ዲሲ ሞተር ያለው ይፈልግ፤ የእሱ ፍጥነት ከመብራቱ ኸርዝ ጋር አይያያዝም።

አምፑ ጀርባ ላይ "ፎኖ" የሚል፣ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ መግቢያ መኖሩንም ጠይቂው። ከሌለ ማጫወቻው ውስጡ ፕሪአምፕ (ደካማውን የሸክላ ድምፅ ቀድሞ የሚያጎላ) ያለው ይሁን። አለዚያ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይቀራል።

የጎተራዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማን ነግሮኝ!

ወንድሜ የአምፑን ጀርባ ፎቶ ልኮልኛል። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 240 ዋት ይላል። የእስፒከሩ መሰኪያ ላይ "ከ6 እስከ 16 ኦም" ተጽፏል። ፎኖ የሚል የለውም። እስፒከሩን ሶኒውን ልል ነው፤ ካርቶኑን ካላስገቡለት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አመጣዋለሁ አለ። ኦሙ ይስማማል? ትራንስፎርመሩስ ስንት ዋት ይሁን?

ሽቦ ፈቺ

ይስማማል። ሶኒው 6 ኦም ነው፣ አምፑም ከ6 ይጀምራል። 4 ኦም ቢሆን ኖሮ አምፑ ይግል ነበር።

ትራንስፎርመሩ 500 ዋት ይሁን። 300 ይበቃል የሚልሽ ይኖራል፤ አትስሚው፣ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በ50 ኸርዝ አምፑ ትንሽ ሞቅ ሊል ይችላል። ላዩ ላይ ዳንቴል አታልብሺው፣ አየር ያግኝ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሶኬቱ ንቀዪው። ሲመለስ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ስታስቀምጪው ሁለቱን ከሁለት ሜትር ባልራቀ አቁሚያቸው፤ አንቺም የዚያኑ ያህል ርቀሽ ተቀመጪ። ጥግ ውስጥ አትወትፊያቸው፣ ቤዙ ያብጣል። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 40 ሴንቲ ሜትር ካገኘሽ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ቤዙ ከበዛብሽ የኋላ ቀዳዳ ካለው በንጹሕ ካልሲ ድፈኚው። ሽቦው ላይ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ሰው ደግሞ እስፒከሩ ተበላሸ ይላል።

ቤዝ ወዳድ

ካልሲ?!

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሥራውን ይሠራል፣ አትሳቅ።

እህቴ፣ ለወንድምሽ ሁለት ነገር ንገሪልኝ። ከመጠቅለሉ በፊት ሁለቱንም ቤቱ ውስጥ ከአምፑ ጋር አገናኝቶ ያጫውታቸው፤ አንዱ ዝም ቢል እዚያው ሱቁ ይቀይርለታል፣ አዲስ አበባ ከደረሰ ግን ማን ይቀይራል? ደረሰኙንም በእጁ ይያዝ። ጉምሩክ ላይ ዋጋውን ሲጠይቁት የሚያሳየው ነገር ይኑረው። ብርድ ልብሱን ካለ ደግሞ ከፊት በኩል፣ ጨርቅ ሽፋኑ ላይ፣ መጀመሪያ ጠንካራ ካርቶን ያድርግበት።