አጥሬ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ነገ ግንባታውን ልቀጥል ወይስ ላቁም? (አስቸኳይ)

ጀማሪ ቤት ሠሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ጅማ ነው፣ ከቦዬ ረግረግ ብዙም በማይርቅ አዲስ ሰፈር። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው የቆርቆሮ አጥሬን በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ወደ ውስጥ የሚያመለክት ቀስት አለው፤ ከሥሩ «8» ተጽፏል። «ይህ በፕላኑ አረንጓዴ ቦታ ነው» ብለውኝ ሄዱ፤ ወረቀት የሚባል ነገር አልሰጡኝም። መሠረቱ ወጥቷል፣ ግንበኞቹ ነገ በማለዳ ይመጣሉ፣ ሲሚንቶውም ውጭ ነው ያለው። የከተማ ፕላን በአንድ ሌሊት ይቀየራል እንዴ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የአዌቱ ማዶ፦ ቦዬ አጠገብ ከሆነ ከአንተ በፊት ይዞታ ያላቸው እንቁራሪቶች ናቸው፤ ካሳ የሚገባውም ለእነሱ ነው። የምር ግን ሲሚንቶውን ዛሬውኑ ከመሬት አንሥተህ ጣውላ ላይ ደርድረው፣ ላስቲክም አልብሰው። የጅማ ዝናብ የፕላን ውሳኔ አይጠብቅም።

ቶሎ መላሽ፦ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት አመልክት።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይገባል። በአባ ጅፋር ዘመን ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ደግሞ ሂርማታ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በቆየባቸው ዓመታት ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ማዕከል አድርጎ መንገድ ቀየሰ፣ ሕንፃ ሠራ። ዛሬ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 አለ። መዋቅራዊ ፕላን ከተማው በየት አቅጣጫ እንደሚያድግ፣ የትኛው መሬት ለመኖሪያ፣ የትኛው ለኢንዱስትሪ እንደሚውልና ዋና ዋና መንገዶችን ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላን ወደ ሰፈር ወርዶ የሕንፃ ከፍታን፣ የውስጥ መንገድንና አረንጓዴ ቦታን ይዘረዝራል። ስለዚህ «ፕላኑ» ሲሉህ የትኛው ፕላን እንደሆነ ጠይቅ። በእኛ ጊዜ ተማሪ ይህን ሳያውቅ አይመረቅም ነበር።

ሙግት ወዳድ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ፕላኑ በአንድ ሌሊት መቀየሩን በምን አወቅህ? ከመጀመሪያውም አረንጓዴ ሆኖ፣ አንተ መሠረት ከማውጣትህ በፊት ያላየኸው ቢሆንስ? ረግረግ ጎርፉን ይዞ የሚያቆይልን ነው። እሱን በቤት ከሞላነው ውሃው ሳሎናችን ይገባል። ከተማው ወደ ጎን ከመለጠጥ ፎቅ ይሥራ።

ቶሎ መላሽ፦ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት አልኩ እኮ።

ሜትር በእጁ፦ ለረጅም ጊዜ በቀያሽነት ሠርቻለሁ። ቀስትና ቁጥር አንድ ላይ ሲሆኑ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው መንገድን ነው፤ ከአጥሩ ወደ ውስጥ ስምንት ሜትር ይገባል ማለት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ቢሆንማ ለምን በሜትር ይለካል? በግምት ግን አትሂድ። ነገ በማለዳ ግንበኞቹን አሰናብት፤ ከምልክቱ በኋላ የተጨመረ ግንብ ኋላ በክርክር አይጠቅምህም። አጥሩንና መሠረቱን ቀን በሚያሳይ ፎቶ አስቀር። ከዚያ የከተማው አስተዳደር ፕላን ክፍል ሄደህ ቦታህ በየትኛው የመሬት አጠቃቀም ሥር እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ፤ የማመልከቻህን ቅጂ ማኅተም አስመታበት። የይዞታ ካርታህን የማዕዘን ነጥቦች ይዘህ ሂድ፤ ከፕላኑ ጋር የሚያመሳክሩት በእነሱ ነው። ካርታህ ላይ «የቦታው አገልግሎት» የሚለው ምን ይላል?

ጀማሪ ቤት ሠሪ፦ ካርታ ገና አልወጣም። ከገበሬው የገዛሁበት ውል አለኝ፣ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል። ጎረቤቶቼም በዚሁ ነው የሠሩት።

ሙግት ወዳድ፦ ይኸውላችሁ!

ሜትር በእጁ፦ ወንድሜ፣ ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረብህ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ምስክሮቹ ሠላሳም ቢሆኑ ያ ውል ይዞታ አይሆንህም። ያለ ካርታ ደግሞ የግንባታ ፈቃድ የለህም ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በሕገወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ በሰባት የሥራ ቀናት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማስለቀቅን ፈቅዷል፤ ካሳም የሚታሰበው ለሕጋዊ ይዞታ ነው። አሁን ከቀለሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ የማስጠንቀቂያው ወረቀት ነው፤ አጥርህ ላይ ሊለጠፍም ስለሚችል በየቀኑ እየው። ውሉን፣ ደረሰኞችህን፣ ከቀበሌ ያገኘኸው ነገር ካለም እሱን ይዘህ ነገውኑ ጠበቃ አማክር። ገበሬው የይዞታ ደብተር ካለው ቅጂውን ለምነው።

እናት ዓለም፦ እኔም ቦታ የገዛሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ቀለም ግን እስካሁን አልተቀባብኝም። ዝም ብዬ ልቀመጥ ወይስ ሄጄ ልጠይቅ? ብጠይቅ ደግሞ ራሴን ማጋለጥ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ቶሎ መላሽ፦ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት።

የአዌቱ ማዶ፦ ጀማሪ ቤት ሠሪ፣ ምን ወሰንክ? ብሎኬቱን የማትጠቀምበት ከሆነ ዋጋ ጥራልኝ፤ ማጓጓዣውን እኔ እችላለሁ።